በሰው ድንኳን

ወዳጄ፣ ጀበናውን ጣድ፤ ይህ ወሬ ባንድ ስኒ አያልቅም። ባጭሩ ልንገርህ ብል «መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ የማላውቀው ሰው ለቅሶ ላይ ተኛሁ» ነው የሚሆነው፤ እንዲያ ሲባል ደግሞ የሰካራም ታሪክ ይመስላል። እኔ ከጠጣሁ ቆይቻለሁ። ለመስከርም እኮ ቤት የሚጠብቅልህ ሰው ያስፈልጋል።

ነገሩ እንዲገባህ ከእናቴ ልጀምር። እናቴ የመርሳት በሽታ አለባት፤ መጀመሪያ በገለጸው በጀርመናዊው ሐኪም ስም አልዛይመር የሚሉት። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1906 ጉባኤ ላይ ቆሞ ስለ በሽታው ሲናገር የሰሙት ሐኪሞች ዝም ብለው አለፉት ይባላል። እኔም ለዘመዶቼ ስነግራቸው የሚያደርጉት እንደዚያው ነው፤ «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» ብለው ቡናቸውን ፉት ይላሉ።

ይህ በሽታ አዲሱን ትዝታ ነው ቀድሞ የሚበላው፤ የድሮውን ኋላ ነው የሚነካው። ጠዋት የጠጣችውን ሻይ ትረሳለች፣ የልጅነት ጓደኞቿን ግን እስከ ቅጽል ስማቸው ትጠራልሃለች። እኔ እንግዲህ ከአዲሱ ወገን ሆኜ ተገኘሁና ልጅነቴ ተሰረዘ። ጠዋት ጠዋት ወንድሟ ነኝ፤ ደህናው ሰዓት ይሄ ነው። ሲመሽ ግን (ሲመሽ ይብስባቸዋል፣ ሐኪሙም ነግሮኛል) በወጣትነቷ ተከራይታ የኖረችበት ቤት ባለቤት እሆናለሁ። ሰውየው ትርፍ ቤቱን በሐምሌ 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ተወርሷል፤ እናቴ ዘንድ ግን ደርግም አልገባ፣ ቤቱም አልተወረሰ፣ ኪራዩም አልተከፈለ። ሾርባ ይዤ ስገባ ቦርሳዋን ትራሷ ሥር ትደብቅና «ጌታዬ፣ የዚህን ወር እስከ ነገ ይታገሡኝ» ትለኛለች። መጀመሪያ መጀመሪያ «እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ልጅሽ ነኝ» እያልኩ እከራከር ነበር። አሁን «ግድ የለም፣ ሲመችሽ» እላለሁ። እንዲያውም አንድ ማታ አልበላም ብላ ስታስቸግረኝ «ሾርባውን ካልጨረሽ ኪራይ እጨምራለሁ» አልኳት። ጨረሰችው። አትፍረድብኝ፤ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።

ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ብቻዋን አትራመድም፤ አለመራመዷን ግን ትረሳዋለች። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነጠላዋን አጣፍታ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጥና «መሸብኝ፣ ወደ ቤቴ ልሂድ» ትላለች፤ እዚያው ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ። ከተኛችም ጀርባዋ እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ አለብኝ። በመሃል ትተኛለህ ወይ ካልከኝ፣ አዎ፣ እተኛለሁ፤ አንድ ጆሮዬ ግን ዘብ ያድራል። እንዲህ ሲከርም ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃለህ? ማቀዝቀዣውን ከፍቼ ምን ልወስድ እንደሆነ ጠፍቶኝ እቆማለሁ። ቡናዬ ውስጥ ጨው እጨምራለሁ። የሳሙና ማስታወቂያ ያስለቅሰኛል። በሽታው ይጋባል እንዴ ብዬ ሐኪሙን ብጠይቀው «አይጋባም፤ አንተን የያዘህ እንቅልፍ ማጣት ነው» አለኝ። ማዘዣ ሊጽፍልኝ ነው ብዬ ትንሽ ጠበቅሁ፤ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ።

ወንድም የለህም ወይ ትለኝ ይሆናል። አለኝ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ገንዘብ ይልካል፤ እግዜር ይስጠው፣ ዳይፐሩም መድኃኒቱም በእሱ ዶላር ነው። ከዶላሩ ጋር ግን ምክር ይመርቃል። በቀደም «አንተን የያዘህ በርንአውት ነው፤ ራስህን ተንከባከብ፣ ዮጋ ምናምን ሞክር» የሚል የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ዮጋ! በየሁለት ሰዓቱ ወደ ግራ ወደ ቀኝ የማደርገው ምን መስሎት ነው? እህቴ ደግሞ ሐዋሳ ናት፤ ደውላ ስለ እማዬ ታለቅሳለች፣ እኔ አባብላታለሁ፣ ቀሏት ትዘጋለች። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ አባቶች። እኛ ቤት ሎሚው እኔ ጋ ነው፣ ጌጡ እነሱ ጋ።

ያም ሆኖ ወንድሜ ያለውን ነገር ስልኬ ላይ ሳገላብጠው አደርኩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን «በርንአውት» የሚሉትን መቃጠል ዓለም አቀፍ የበሽታዎች መዘርዝር ውስጥ ሲያሰፍረው፣ ከሥራ ጋር የተያያዘ ነገር ነው፣ ከሥራ ውጭ ላለው የኑሮ ጣጣ አይውልም ብሎ ነው የጻፈው። ቢሮ ከተቃጠልኩ ተቃጠልኩ ይባልልኛል፤ ቤት ከተቃጠልኩ ግን የራሴ ጉዳይ ነው። ዛሪት የሚባል አሜሪካዊ ምሁር ደግሞ የአስታማሚን ሸክም የሚለካ 22 ጥያቄ አዘጋጅቷል። እሱንም ጀመርኩት። ከጥያቄዎቹ አንዱ ለራስህ የሚሆን ጊዜ ታጣለህ ወይ የሚል ነው፤ እሱን ልመልስ ስል እማዬ ጠራችኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለስኩበትም።

ቢሮ ፈቃድ ብጠይቅ የሰው ኃይሏ ልጅ፣ ጨዋ ልጅ ናት፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አውጥታ አነበበችልኝ። ካገባሁ 3 የሥራ ቀን ከነደመወዙ። እናቴ ከሞተች 3 የሥራ ቀን ከነደመወዙ። «ካልሞተችስ?» አልኳት። ገለጠች፣ ገለጠች። «ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥም እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ፣ በዓመት ሁለቴ።» አሥር ቀን ማለት ነው። ቀሪውን የዓመት ፈቃዴን ሰባብሬ እየበላሁ፣ አለቃዬም እያዘነልኝ፣ ሒሳቡን ከቤት እየሠራሁ አለሁ። በቀደም የደመወዝ ዝርዝር ላይ የእማዬን የመድኃኒት ሰዓት አስገብቼ ልኬያለሁ።

እንግዲህ ወደ ነገራችን። ነሐሴ ነው። ዳይፐር አለቀ፣ የግፊት መድኃኒቷም አለቀ። እንጀራ ጋግራ የምታከፋፍል ጎረቤት አለችን፤ እትዬ ነው የምላት። «ሂድ፣ እኔ አለሁ፤ ለአንድ ሰዓት ምን ትሆናለች ብለህ ነው» አለችኝ። ያገኘሁትን ለባብሼ ወጣሁ። ያገኘሁት ስልህ ጥቁር ሹራብ ነው፤ የሾርባ ነጠብጣብ ስለማያሳይ ከርሞ የምለብሰው እሱን ብቻ ነው። ጺሜን ከተላጨሁ ብዙ ጊዜዬ ነው። ዓይኔ መቼም ቀይ ነው። የተጫማሁት አንዱን ጥቁር፣ ሌላውን ቡኒ መሆኑን ያየሁት ሚኒባሱ ውስጥ ከረዳቱ እኩል ነው፤ እሱ ቀድሞ ሳቀ። ይህን አለባበስ ያዝልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

ስድስት ኪሎን ሳናልፍ እትዬ ጋ ልደውል ብዬ ኪሴ ስገባ የወጣው የቴሌቪዥኑ ሪሞት ነው። ስልኬ ቤት ቻርጅ ላይ ቀርቷል። መመለስ ነበረብኝ? ነበረብኝ። ግን ለወራት ያለ ስልክ፣ ያለ ጠሪ ሄጄ አላውቅማ! ሪሞቱን መልሼ ከተትኩት።

አራት ኪሎ ያለውን መድኃኒት ቤት ሁሉ አዳረስኩ። «የለም።» «አልገባም።» «በሌላ ስም ያለው ይምጣልህ?» ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ ማዘዣዋን ጨብጬ ወደ ቀበና ቁልቁለቱን ተያያዝኩት። እዚያ አንዱ ጋ መድኃኒቱ የለም፣ ዳይፐሩ ግን አለ። ሻጯ ከመደርደሪያው ጫፍ ሆና «የአዋቂ ነው?» ብላ ጮኸች። አዎ አልኳት። «ስንት ቁጥር?» መሐከለኛ። ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ለራስህ ነው?» ሰልፉ በሙሉ ዞረ። አንዱማ ቦታ ለቀቀልኝ። ለእናቴ ነው ማለት ስችል ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? «ለሰው ነው» አልኩ። «ለሰው ነው» ያለ ሁሉ ለራሱ ነው፤ እሷም በሐዘኔታ ሁለት ጥቁር ፌስታል ደርባ ጠቀለለችልኝ።

ከዚያ ዝናቡ ወረደ፤ የነሐሴ ዝናብ፣ ማስጠንቀቂያ የማይሰጠው። ባንዱ ኮብልስቶን መንገድ ታጥፌ ስሮጥ ድንኳን አየሁ። ዳር ላይ ባዶ አግዳሚ ወንበር አለ። ዝናቡ እስኪያባራ ብዬ ቁጭ አልኩ፤ ቁጭ ያልኩበት የሰው ሐዘን መሆኑን የተረዳሁት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ወዲያው ተነስቶ መሄድ ደግሞ ነውር ነው። ለቅሶ ደርሶ ቁጭ ሳይል የሚሄድ ማን አለ?

አንዲት ልጅ ውሃ አመጣችልኝ። ቀጥላ ንፍሮ። ቀጥላ ቡና። ወዳጄ፣ እዚህ ላይ ቆም በልልኝ። ሰው ቡና ቀድቶ እጄ ላይ ካስቀመጠልኝ ስንት ጊዜው ነው? «ስኳር ልጨምርልዎ?» ስትለኝ ጉሮሮዬ ተዘጋ። እንባዬ ስኒው ውስጥ ገባ። አጠገቤ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ነበሩ፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና «አይዞህ ልጄ፣ የሁላችንም መንገድ ነው» አሉኝ። አይዞህ ሲሉኝ ባሰብኝ። ሰው በሰው ለቅሶ የራሱን ያለቅሳል ሲባል እሰማ ነበር፤ እኔ ግን የማለቅሰው እናቴን አልነበረም፣ እሷማ በሕይወት አለች። ስለ ቡናው ነበር የማለቅሰው። ልጅቷ «ልቀበልዎ?» ብላ ፌስታሌን ወሰደችው፤ ሰው ለቅሶ ቤት ዳቦም ማካሮኒም ይዞ ስለሚመጣ ልማድ ነው። አንገቴን ነቀነቅሁ። ምን እንደሰጠሁ አላሰብኩም፤ ማሰብ የሚባለው ነገር ያኔ ትቶኝ ሄዷል።

ከዚያ በኋላ ያለውን የነገሩኝ ነው። ስኒውን እንደያዝኩ ተኛሁ። ተኛሁ ብቻ አይደለም፤ አንኮራፋሁ። የዕድሩ ጸሐፊ ደብተሩን ይዞ ስም ሲጠራ፣ የቀረ ይቀጣል አይደል፣ አንዱ ባልመጣ አባል ስም ላይ ከእንቅልፌ «አቤት!» ብዬ ጮህኩ አሉ። ሰውየው በእኔ ምክንያት ከቅጣት ድኗል፤ ማንነቱን አላውቅም፣ ቢያንስ እሱ ይጸልይልኝ። ሊቀሰቅሱኝ ሲሉ ባለጋቢው ሽማግሌ ተቆጡ፤ «ተዉት! ሌሊቱን ሲያለቅስ ያደረ ልጅ ነው። ጺሙን አታዩም? ሐዘኑ ጫማውን እንኳ አላስለየውም!» ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱኝ። ትራስ መጣ። ከዳር ወስደው ቤተ ዘመድ ከሚቀመጥበት ፍራሽ ላይ አጋደሙኝ።

ስነቃ ዝናቡ አባርቷል፣ ድንኳኑ ሞልቷል፣ ሰው ተሰልፎ አጠገቤ እየተንበረከከ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይለኛል። መጀመሪያ እማዬ የሞተች መሰለኝ። ነፍሴ መለስ ስትል ደግሞ ነገሩ ገባኝና ላቤ መጣ። አሁን ምን ይባላል? «ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው ያለቀስኩት» ይባላል? «ያጽናን» አልኩ። ሁለት የደርግ ሻለቃ የሚመስሉ ሰዎች አቀፉኝ። አንዲት እናት ግንባሬን ስመው «አንተ ደግሞ ምናቸው ነህ ልጄ?» አሉኝ። ሟቹ ወንድ ይሁኑ ሴት፣ ሽማግሌ ይሁኑ ጎልማሳ የማውቀው ነገር የለም። አንቱታ የሚባል ነገር ባይኖር ያኔ አልቆልኝ ነበር። «እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ» አልኩ። አፌን ምን እንደነካው እንጃ።

ሽማግሌው ይህን ይዘው «በሕመማቸው ጊዜ አጠገባቸው ነበርክ ማለት ነዋ!» ሲሉ ዙሪያው ጸጥ አለ። ሁሉም እኔን ያያል። እኔም፣ እንግዲህ የሆነው ይሁን ብዬ፣ የማውቀውን አወራሁ። ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ ስለማገላበጥ፤ ጀርባ ላይ ቀይ ምልክት ሲያዩ ልብ ቀጥ ስለማለቱ፤ እንዳያንቃቸው ሾርባውን ወፈር አድርጎ፣ ቀና አድርጎ በማንኪያ ስለማጉረስ፤ ያጎረሱት ሰው «አንተ ማነህ?» ሲል «ጎረቤት ነኝ» ብሎ ስለማለፍ፤ ተናድዶ ጮሆ እስኪነጋ ስለ መጸጸት፤ አንዳንዴም «ምነው በተገላገልን» ብሎ አስቦ በራስ ሐሳብ ስለ መደንገጥ። ይህን የመጨረሻውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ ለማላውቀው ሕዝብ ተናገርኩት። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። የቤቱ በር ላይ ከል የለበሰች፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ቆማ በትኩረት ታየኛለች። እንደሌሎቹ አታለቅስም። ግራ የገባት ትመስላለች።

ይሄኔ ነው ያቺ ቡና አቅራቢ ልጅ ከጓዳ ብቅ ያለችው። ዳቦ ልትቆርስ ፌስታሉን ፈትታዋለች። የዳይፐሩን እሽግ፣ ፊቱ ላይ የሚስቁ ባልና ሚስት ሽማግሌዎች ያሉበትን፣ ከፍ አድርጋ ይዛ «ይሄ የማነው?» አለች። ልጅ ናት፣ ድምጿም የልጅ ነው፣ ጥርት ያለ። ድንኳኑ ውስጥ ካርታ የሚጫወቱት ሳይቀሩ አቆሙ። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ፤ ሸራው አንድ ቦታ ተቀዷል፣ በደንብ አጠናሁት። ከዚያ እጄን አወጣሁ። ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ? እንደ ተማሪ እጄን አወጣሁና «የኔ ነው» አልኩ፤ ቀጥዬም ማንም ሳይጠይቀኝ «ለሰው ነው» አልኩ።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ቀስ ብለው መልሰው ደረቡ።

ከል የለበሰችው ሴት መጥታ በእጄ ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችኝ። ልታባርረኝ ነው ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ዝናቡን፣ ወንበሩን፣ መድኃኒቱን። «ማንን ነው የምታስታምመው?» አለችኝ። እናቴን አልኳት። በርጩማ ስባ ቁጭ አደረገችኝ። የሞቱት አባቷ ናቸው፤ ስትሮክ መቷቸው አራት ዓመት አልጋ ላይ ነበሩ፤ ያስታመመቻቸው እሷ ብቻዋን ናት። «እንደዚያ ስትናገር ያን ሁሉ እኔ ነኝ የማውቀው፣ ይሄ ሰውዬ በየት በኩል አየን ብዬ ደነገጥኩ» አለች። ወደ ድንኳኑ በአገጯ እያመለከተች ቀጠለች። «ይሄን ሁሉ ሰው አየኸው? የዕድሩ አባላት ናቸው፣ ክፉ ሰዎች አይደሉም። አባዬ ሲሞት ጥሩንባ ተነፋና በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን ተከሉ፣ ድስት አመጡ፣ ውሃ ቀዱ። እኔ ግን በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን፣ አንድ ሰው፣ ‹ሂጂ ጸጉርሽን ተሠሪ፣ እኔ ልጠብቃቸው› ብሎኝ አያውቅም።»

አፈርኩ። አንተም ታፍር ነበር። እኔን እኮ ሰፈሬ «ወንድ ልጅ ሆኖ እናቱን እንዲህ!» እያለ ያደንቀኛል፤ እሷን ማን አደነቃት? ሴት ልጅ ስታስታምም ግዴታዋ ነው፣ ወንድ ሲያስታምም ጽድቅ ነው። ትተኛለሽ ወይ አሁን አልኳት። «አልተኛም። በየሁለት ሰዓቱ እነቃና ላገላብጠው ስል አልጋው ባዶ ነው» አለች። ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን፤ ልጅቷ መጥታ ሁለት ስኒ ቡና አስቀመጠችልን።

ስወጣ የራሴን እሽግ ብቻ ሳይሆን ከአባቷ የተረፈውን ዳይፐር፣ አንድ በሞተር የሚነፋ የአየር ፍራሽና ከእናቴ መድኃኒት ጋር አንድ ዓይነት የሆነ፣ ጊዜው ያላለፈ ሁለት ፓኬት ኪኒን አሸክማኛለች። ኪኒኑን እንኳ ለሐኪሙ ሳላሳይ አልሰጠሁም። ለቅሶ ደርሶ ከሐዘንተኛ ቤት ዕቃ ጭኖ የወጣ ሰው ከእኔ በፊት መኖሩን እንጃ። ፍራሹን ትከሻዬ ላይ አድርጌ በድንኳኑ መሃል ሳልፍ ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀ። ባለጋቢው ሽማግሌ ብቻ «እናትህን እግዚአብሔር ይማርልህ» አሉኝ፤ ኮስተር ብለው፣ ግን አሉኝ።

ቤት ስደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ለአንድ ሰዓት ብዬ የወጣሁ ሰው! በሩን የከፈትኩት ይቅርታዬን ደርድሬ ነው። እማዬ ጸጉሯ ቅቤ ተቀብቶ ሹሩባ ተሠርታለች፣ ምሳዋን በልታለች፣ ትስቃለች። እትዬ ግን ኮስትራለች። «እትዬ፣ ይቅርታ፣ አመሸሁብሽ…» ስል አቋረጠችኝ። «መቆየቱንስ ቆይ፣ ሰው እንደሆንክ አይጠፋኝም። ሪሞቱን ለምን ይዘህ ሄድክ? ኳስ ላይ ትተኸው ሄደህ ይኸው ቀኑን ሙሉ ኳስ ስናይ ዋልን! እናትህ ያንን ፊሽካ የሚነፋውን ‹ኪራይ ሰብሳቢ› እያለች ስትሰድበው ዋለች።» እማዬ እኔን ስታይ ቦርሳዋን ትራሷ ሥር ከተተች።

እትዬ ከዚያን ቀን ጀምራ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ትመጣለች፤ ሪሞቱን በእጇ አስረክቤያት እወጣለሁ። ያችም የቀበናዋ ሴት አርባውን ካወጣች በኋላ ደወለችልኝ፣ ሁለት ቅዳሜ መጥታ እማዬ ዘንድ ተቀምጣለች። እማዬ ወዲያው ነው የለየቻት፤ የአከራዩ ሚስት ናት አለች።

እኔም ባለፈው የሰፈራችን ዕድር ስብሰባ ላይ ተነስቼ ተናገርኩ። ለቀብር የቀረ እንደሚቀጣ ሁሉ፣ አስታማሚ ያለበት ቤት በየሳምንቱ አንድ አባል ለግማሽ ቀን ተራ ይግባ፤ አዲስ ነገር አይደለም፣ በኤችአይቪው ክፉ ዘመን ስንት ዕድር ለታመመ ሰው ቤት ለቤት አስታማሚ አሰማርቶ የለም ወይ አልኩ። ሊቀ መንበሩ በትዕግሥት አዳመጡኝና «ልጄ፣ ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ግን የተያዘው አጀንዳ የድስት ግዢ ነው» አሉ። ሁለት ባለ መቶ ሊትር ድስት እንዲገዛ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። የእኔ ለሚቀጥለው ተላልፏል። ስብሰባው ወሩ በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ የእኛ ዕድር አባል ከሆንክ ናና እጅህን አውጣልኝ። ካልሆንክም የራስህ ዕድር ላይ ከድስቱ በፊት ይህን አንሳው።